ለደህና ቀን የተቀመጠች መኪና

ሰው ሁሉ ለክፉ ቀን ያስቀምጣል። እህል ያለው እህል፣ ልብስ ያለው ልብስ፣ ምንም የሌለው ደግሞ ቂም ያስቀምጣል። በየሰፈሩ ግን ለደህና ቀን የሚያስቀምጥ አንድ ሰው አይጠፋም። የሶፋው ላስቲክ ከሱቅ እንደመጣ ነው፤ በሙቀት ቀን የተቀመጠ እንግዳ ሲነሣ ቆዳው አብሮ የሚላጥ ይመስለዋል። የቴሌቪዥኑ ሪሞት በፌስታል ስለታሰረ ድምፅ ልጨምር ያለ ሰው ጣቢያ ይቀይራል። የመደርደሪያው ብርጭቆዎች ከተገዙ ጀምሮ ከንፈር ነክቷቸው አያውቅም። እንዲህ ያለ ሰው አላውቅም የሚል ካለ፣ ያ ሰው እሱ ራሱ ሳይሆን አይቀርም።

የነዚህ ሰዎች ሁሉ አለቃ፣ የጨርቅና የላስቲክ የበላይ ጠባቂ፣ ክቡር ጋሽ ሽፋን ናቸው። ክቡርነታቸውን ከዚህ በኋላ እንደ ሰፈሩ ሰው "እሱ" ብንላቸው አይቀየሙም። ጋሽ ሽፋን መነጽር ሠሪ ነው። ስሙን ያወጣለት ሰፈሩ ነው፤ እናቱ ያወጣችለትን የሚያውቀው መታወቂያው ብቻ ነው። አዲስ ጃንጥላ ገዝቶ ሲመለስ ዝናብ ቢይዘው፣ ጃንጥላው እንዳይረጥብ ከኮቱ ሥር ደብቆ ሲሮጥ ታይቷል። ሠርግ ሲጠራ አሮጌ ጫማውን አድርጎ አዲሱን በብብቱ ይዞ ይሄዳል፤ በር ላይ ይቀይራል፣ ሲወጣም መልሶ ይቀይራል። ለምን ሲሉት መልሱ አንድ ነው። "ደህና ቀን ይምጣ።"

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። የሚሸፍነውን ሁሉ የምትሰፋለት እሷ ስለሆነች ከደሙ ንጹሕ ነኝ ማለት አትችልም። ለሬዲዮው ሰፍታለች፣ ለማራገቢያው ሰፍታለች፣ ሽፋኖቹ ለሚቀመጡበት ሣጥን ሳይቀር ሽፋን ሰፍታለች። ይህን ሁሉ እየሳቀች ነው የምትሠራው። የባሏ ጠባይ ለሰፈሩ ጨዋታ እንደሆነ ሁሉ ለእሷም ጨዋታ ነበር። የማትስቅበት አንድ ነገር ቢኖር የባሏ መኪና ናት።

መኪናዋ የድሮ የስፖርት መኪና ናት። ሁለት ሰው ብቻ ነው የምትይዘው፤ አፍንጫዋ ረዘም፣ ወገቧ ዝቅ ያለ፣ ጣራዋ ወደ ኋላ የሚታጠፍ፣ ቀለሟ ወደ ጥቁር የሚያደላ ቀይ። የመጀመሪያ ባለቤቷ ገዝቶ ብዙም ሳይነዳት ሞተ። የሟቹ ሚስት ልትሸጣት ስትነሣ ፈላጊው ብዙ ነበር፤ አንዱ ጎማዋን በእግሩ ጠለዘ፣ አንዱ በሯን ወርውሮ ዘጋ። በዚያ ሰሞን አንድ ወጣት መነጽር ሠሪ የሴትዮዋን መነጽር ሊያደርስ መጣ። መኪናዋን ልይ ብሎ አስፈቀደ፤ ከመንካቱ በፊት ግን እጁን የሚታጠብበት ውኃ ለመነ። ሴትዮዋ ሌሎቹን ፈላጊዎች በሙሉ አሰናብታ ለእሱ ሸጠችለት።

ለልብስ ሰፊዋ መኪናዋን ያሳያት ገና ሲተጫጩ ነው። ጋራዡን ከፈተ፣ ጨርቁን ገለጠ፣ በሩን ከፍቶ አስቀመጣት፤ ራሱም መሪውን ይዞ ሞተሩን አስነሣ። ከጋራዡ አልወጡም። ሞተሩ ግን ከወንበሩ ሥር ሲያጉረመርም ጀርባዋ ድረስ ተሰማት። ዞር ብላ ስታየው አፉን ገርበብ አድርጎ፣ ከደስታው ብዛት የሚሆነውን አጥቶ ተቀምጧል። "አንድ ቀን ጣራዋን አጥፈን፣ በቁልቁለቱ መንገድ ወርደን፣ ሐይቁ ዳር እናቆማታለን" አላት። እሷም ፊቷ ላይ የሚነፍሰውን ነፋስ አስባ እሺ አለች። ሰፈሩ ለመልኩ ብላ ነው ያገባችው ይላል፤ መልኩን ያየ ግን አያምንም።

በሠርጋቸው ቀን አቧራ ሆነ። ሙሽሮቹ በኪራይ መኪና ሄዱ፤ ከሚዜዎቹም አንዱ ጋራዡን እንዲጠብቅ ቤት ቀረ። ከሠርጉ ብዙም ሳይቆይ ዝናቡ ገባ። ዝናቡ ሲያባራ ጭቃው አልደረቀም፤ ጭቃው ሲደርቅ አቧራ ተነሣ። ከዚያ አዲስ መንገድ ይሠራል ተባለና እስኪሠራ ተጠበቀ። መንገዱ ተሠራ፤ "ሬንጁ ገና ትኩስ ነው፣ ይረጫል" አለ። ሬንጁ እስኪረጋ ሴት ልጃቸው ተወለደች። "ወንበሯ ሁለት፣ እኛ ሦስት። ልጅቷን ኮፈኑ ላይ እናስቀምጣት?" አለ። ልጅቷ አድጋ ከቤት ስትወጣ ደግሞ መኪናዋ ብርቅ ሆነች፤ እንደ እሷ ሳይነዳ የቆየ በአገሩ የለም ተባለ፤ ብርቅ ነገር ደግሞ ይበልጥ ይጠበቃል እንጂ መንገድ ላይ አይጣልም። ደህናው ቀን በፊት በር ሲገባ ጋሽ ሽፋን በጓሮ ይወጣል።

ሐይቁንማ ልብስ ሰፊዋ አይታዋለች። ከሴት ጓደኞቿ ጋር በአውቶብስ ሄዳለች፣ ልጇንም ይዛ ሄዳለች። ሐይቅ ሐይቅ ነው፤ ውኃው እርጥብ፣ ወፉ ጯሂ። የናፈቃት ውኃው አልነበረም። ባሏ አንድ ጊዜ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ፣ ምንም ሳይቆጥብ ከጎኗ ሆኖ ወደ አንድ ቦታ እንዲወስዳት ነው የናፈቀችው። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ ሰው ፊት መኪናዋን "ጣውንቴ" እያለች ትቀልዳለች እንጂ።

ጣውንቷን ግን በደንብ አልብሳታለች። የመጀመሪያውን ሽፋን የሰፋችላት የራሷን የሠርግ ልብስ ሳትጨርስ ነው። ሜትሯን ይዛ ትከሻዋን ለካች፣ ወገቧን ለካች፣ የመብራቶቿን ጉብታ ለካች፤ ከውስጥ ለስላሳ ከውጭ ውኃ የማያስገባ አድርጋ ሰፋችው። እሱ ሲያረጅ ሌላ፣ ሌላውም ሲያረጅ ሌላ። የደንበኞቿ ወገብ በየጊዜው ይሰፋል፣ የራሷም ሰፍቷል፤ የዚያች ልክ ግን አልተለወጠም። አንድ ጊዜ ለሐይቁ መንገድ ብላ ለራሷ አንገቱ ከፍ ያለ ካፖርት ሰፍታ ነበር። ካፖርቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ሰነበተ፤ ኋላ ልጇ ትምህርት ቤት ለበሰችው። አልቆ ጨርቅ ሆኖ ወለል ሲወለወልበት ባየች ቀን አለቀሰች። ልጇ ምን ሆነሽ ስትላት ሽንኩርት ነው አለች፤ የተላጠ ሽንኩርት ግን ቤት ውስጥ አልነበረም።

ሌላም ጊዜ አለ። የጎረቤት ልጅ ሲያገባ መኪናዋን ለፎቶ ለመነ። ጋሽ ሽፋን ብዙ አሰበና ፈቀደ፤ ሙሽሮቹ ጫማቸውን አውልቀው ይግቡ፣ ሞተሩ አይነሣም፣ መኪናዋም ከጋራዡ ደጃፍ አታልፍም። ፎቶ አንሺው የምትሄድ እንድትመስል ነፋስ ያስፈልጋል ሲል ልብስ ሰፊዋ ማራገቢያውን ከነሽፋኑ አምጥታ፣ ሽፋኑን ገልጣ፣ ከፊት ይዛላቸው ቆመች። የሙሽራዋ መሸፈኛ ወደ ኋላ ተውለበለበ። ፎቶው ሲወጣ ሁለቱ ሙሽሮች በነፋስ ፍጥነት ወደ አንድ ደስ የሚል ቦታ የሚበርሩ ይመስሉ ነበር። ሁሉም ሲሄዱ እሷ ጫማዋን አውልቃ መኪናዋ ውስጥ ገባች፤ ማራገቢያውን ወደ ራሷ አዙራ፣ ዓይኗን ጨፍና ትንሽ ተቀመጠች። ጋሽ ሽፋን እንግዶቹን ሸኝቶ ሲመለስ ኮፈኑን እየወለወለች አገኛት።

እሑድ እሑድ ሞተሩ ይነሣል፤ ካልተነሣ ይደርቃል። ጋሽ ሽፋን መሪውን ጨብጦ ጋራዡ ውስጥ ይቀመጥና ነዳጁን በስሱ ይረግጣል። ልብስ ሰፊዋ በመስኮቱ ማዶ የስፌት መኪናዋን ትረግጣለች። ሁለቱም ይረግጣሉ፣ ሁለቱም ካሉበት ፈቀቅ አይሉም።

ከሞተሩ ቀጥሎ የፀሐይ ሥነ ሥርዓት ነው። የቆዳ ወንበሯ እንዳይሻግት፣ ጎማዋም በአንድ ጎኑ ብቻ እንዳይተኛ፣ መኪናዋ ወጥታ እስከ መንገዱ ማዕዘን ሄዳ ትመለሳለች። ሄዳ ስንል ተገፍታ ማለታችን ነው። የሚገፉት ጎረቤቶች ናቸው፤ ጋሽ ሽፋን መሪ ይይዛል። መጀመሪያ ላይ መግፋት አይቆጠርም ብሎ ያምን ነበር። አንድ እሑድ ግን የኪሎሜትር ቆጣሪው የመጨረሻዋ ቁጥር ፈቀቅ ብላ አያት። ቆጣሪ ሞተር ተነሣ አልተነሣ ምን ገዶት፣ ጎማ ከዞረ ይቆጥራል። ጋሽ ሽፋን ላብ አጠመቀው። እንደ ወትሮው ማዕዘኑ ላይ አዙረው ሊመልሷት ሲሉ አንድ ጭነት መኪና መንገዱን ዘግቶ ስለነበር፣ ሳያዞሯት በጀርባዋ እየገፉ መለሷት። በር ላይ ሲደርሱ ያቺ ቁጥር ቀስ ብላ ወደ ቦታዋ ተመልሳለች። ጋሽ ሽፋን ከደስታው ብዛት የገፉትን ሁሉ ለስላሳ ጋበዘ፤ በብርጭቆ ግን አልነበረም፣ ከነጠርሙሱ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሕጉ ጸና። በአፍንጫዋ ትወጣለች፣ በጀርባዋ ትገባለች። ሰፈሩ ይህን ሕግ ከትራፊክ ሕግ አስበልጦ ያውቀዋል። አንድ አዲስ ተከራይ ጉልበት ነበረውና ሊረዳ ገብቶ፣ እንደ ዋዛ ማዕዘኑ ላይ አዙሮ በአፍንጫዋ እስከ በሩ ገፋት። ጋሽ ሽፋን ራሱን ያዘ። ተከራዩ በጀርባዋ እስከ ማዕዘኑ መልሶ ገፋት፣ እዚያ አዞራት፣ እንደገና በጀርባዋ እስከ ቤት ገፋት። ብዙም ሳይቆይ ቤት ለቀቀ፤ ምክንያቱ ይህ ነው የሚሉ አሉ።

እንዲህ እንዲህ እያለ ዕድሜ ሄደ፤ የሰው ቆጣሪ እንደሆነ በጀርባ ቢገፉትም አይመለስም። የጋሽ ሽፋን ዓይን ደከመ፣ የሚስቱ እጅ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቃተው። ልጃቸው ከእኔ ጋር ኑ አለቻቸው። የእሷ ቤት ሰፊ ነው፣ ጋራዥ ግን የለውም፤ መኪና የሚቆመው ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ነው፣ ዛፉ ላይ ደግሞ ወፎች አሉ። ጋሽ ሽፋን ቦታውን ሊያይ ሄዶ ቀና ብሎ ወፎቹን አየ። ወፎቹም እሱን አዩት። በዚያው ቀን መኪናዋን ለመሸጥ ወሰነ።

ያልተነዱ የድሮ መኪናዎች የሚሰበስብ አንድ ሰው ወሬውን ሰምቶ ከሌላ ከተማ መጣ። ነጭ ጓንት አድርጎ ነበር። ጋሽ ሽፋን ጓንቱን ሲያይ የጠፋ ወንድሙን ያገኘ ያህል ደስ አለው። ሰብሳቢው እንደሌላው ፈላጊ ጎማ አልነካም፣ ኮፈን ክፈቱልኝ አላለም፤ በቀጥታ ወደ ቆጣሪው ጎንበስ ብሎ ብዙ ቆየ። ከዚያ የወንበሩን ቆዳ ጠጋ ብሎ አሸተተ። አሁንም የሱቅ ሽታ አላት። ቀና ሲል ዓይኑ እርጥብ ነበር።

"መኪናማ ሞልቷል" አለ። "አዲስም መግዛት ይቻላል፣ አሮጌም ማደስ ይቻላል። ይህቺ ግን አልታደሰችም፣ አላረጀችም። ወጣትነቷ እንዳለ ተቀምጧል። ይህን የት ያገኙታል?"

በዚህ ቁጥር ላይ እስካለች ድረስ እንደሚወስዳት ነገረው፤ አንዲት ቁጥር ፈቀቅ ካለች ግን አልፈልጋትም አለ። በሳምንቱ በጭነት መኪና ጭኖ ሊወስዳት ተቀጣጠሩ። በጎማዋ መሄድማ አትችልም፤ ከሄደች የሚፈልጋት መኪና አይደለችም። ጋሽ ሽፋን ቁጥሩ እንደማይነካ ቃሉን ሰጠ፣ ተጨባበጡም።

ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች በር ላይ ቆማ ይህን ሁሉ ሰማች። ወጣትነቷ እንዳለ ተቀምጧል ያለው ጆሮዋ ላይ ቀረ። ሰብሳቢው የመኪናዋን መስሎት ነው። እዚያ ጋራዥ ውስጥ ሽፋን ለብሶ የተቀመጠው ወጣትነት የማን እንደሆነ ግን እሷ ታውቀዋለች፤ የእሷና የባሏ ነው፣ ሳያወጡት ነው የቀረው። አሁን ደግሞ ሌላ ሰው ጭኖ ሊወስደው ነው።

እራት ላይ ነገሩን አነሣችው።

"ከመሄዷ በፊት ሐይቁ ድረስ ውሰደኝ" አለች።

ጋሽ ሽፋን ማንኪያውን አስቀመጠ። ሰውዬው ቁጥሩን አይቶ እንደሄደ፣ እጁን ጨብጦ ቃል እንደሰጠው፣ በዚህ ዕድሜው ቃሉን አጥፎ ሰው ፊት መቆም እንደማይችል አስረዳት። ከአቧራውም ከጭቃውም ከሬንጁም ይልቅ ይህ እውነተኛ ምክንያት ስለነበር ድምፁ ራሱ ረጋ ያለ ነበር። ልብስ ሰፊዋ እስኪጨርስ ጠበቀችው።

"ለእኔም ሰጥተኸኝ ነበር" አለችው።

ስትናገረው አልተቆጣችም። ሳህኖቹን አንሥታ ሄደች። የጋሽ ሽፋን ምግብ ቀዘቀዘ።

በማግሥቱ ጠዋት የስፌት ክፍሏ በር ላይ መጥቶ ቆመ። ለደህና ቀን ተቀምጦ የኖረውን ባርኔጣ አድርጓል።

"ተነሺ እንሂድ" አላት። "ሐይቁ ድረስ በአፍንጫዋ፤ ስንመለስ በጀርባዋ።"

መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት የጨርቅ ክምር ላይ ቁጭ ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። "አንተ ሰውዬ፣ ያን ሁሉ ዳገት በኋላ ማርሽ?" ጋሽ ሽፋን አልሳቀም። አዲሱ መንገድ ከተከፈተ ወዲህ በአሮጌው የሚሄድ እንደሌለ፣ መኪናዋም በሄደችበት ልክ ወደ ኋላ ብትመለስ ቁጥሩ ቦታው እንደሚገባ፣ ሲያስበው እንዳደረ ነገራት። "ለእሱም ለአንቺም ቃሌን እጠብቃለሁ" አለ። ፊቱ ላይ ቀልድ የሚባል ነገር አልነበረም። ሳቋን አቋርጣ ተነሣች።

ከጋራዡ ሲወጡ የሚገፋ አልነበረም። ጎረቤቶች በየበራቸው ቆመው አዩ፤ መኪናዋ በራሷ ስትሄድ አይተው ስለማያውቁ አንዳንዶቹ ልማድ ይዟቸው እጃቸውን ዘርግተው ከኋላ ተከተሉ። ጋሽ ሽፋን በእያንዳንዷ ጠጠር ይሣቀቅ ነበር፤ ጉድጓድ ሲያይ መኪናዋን ይቅርታ ይጠይቃል። አንድ ብስክሌተኛ ደርሶባቸው፣ ደወሉን ደውሎ አለፋቸው። ልብስ ሰፊዋ ሻሿን አጠበቀች። ይህን ያህል ዘመን የጠበቀ ሰው ብስክሌት ቀደመኝ ብሎ አይከፋም።

ከከተማው ጫፍ ግን ቁልቁለቱ ጀመረ፤ መኪናዋም ሳትለመን ሄደች። የሞተሩ ድምፅ ተለወጠ። ጋራዥ ውስጥ የሚያጉረመርመው አልነበረም፤ ጉሮሮውን ሲጠርግ የኖረ ሰው በመጨረሻ መዝፈን ሲጀምር የሚያወጣው ድምፅ ነው። ነፋሱ ሻሿን ፈቶ ወሰደው፤ አልቆሙም። ዞር ብላ ባሏን ስታየው መሣቀቁን ረስቶታል። አፉን ገርበብ አድርጎ፣ ከደስታው ብዛት የሚሆነውን አጥቶ ነው የሚነዳው። ይህን ፊት ታውቀዋለች። ስትታጭ አይታ እሺ ያለችው ለዚህ ፊት ነው፤ ያን ሁሉ ዓመት የት ገባ እያለች ስትፈልገው የኖረችውም እሱን ነው።

ሐይቁ ዳር ሲቆሙ ሁለቱም ቶሎ አልወረዱም። ውኃው ያው ውኃ፣ ወፉም ያው ወፍ ነበር። ጋሽ ሽፋን የመነጽር መወልወያውን አውጥቶ መስታወቱ ላይ የተለጠፈችውን ትንኝ ሊጠርጋት ብሎ ተዋት።

"ቀደም ብዬ ላመጣሽ ይገባ ነበር" አለ።

"አዎ" አለች።

እውነት ስለሆነ ሌላ የምትጨምርበት አልነበራትም። ለመሄድ ግን አላጣደፈችውም፣ እሱም አላጣደፋትም። ፀሐይዋ ወደ ውኃው እስክታዘነብል ተቀመጡ።

ለመመለስ ጋሽ ሽፋን የኋላ ማርሽ አስገባ፤ አንገቱን ወደ ኋላ ጠመዘዘ፣ ቀኝ ክንዱንም በሚስቱ ትከሻ ላይ አሳልፎ ወንበሯን ያዘ። ያን አሮጌ መንገድ፣ ያን ሁሉ ዳገት፣ ያን ሁሉ መታጠፊያ እንዲህ ሆነው በጀርባ ወጡት። ፍየሎች ሣር ማኘክ አቁመው አዩአቸው። ጠዋት የቀደማቸው ብስክሌተኛም ሲመለስ አግኝቷቸው ከብስክሌቱ ወርዶ ባርኔጣውን አነሣላቸው፤ የሚጠይቀው ጥያቄ የጠፋው ይመስላል።

ጋሽ ሽፋን የሚያየው ወደ ቤት ነበር። ልብስ ሰፊዋ ግን የምታየው ሐይቁን ነው። አውቶብስ ሲመልሳት ሐይቁ ወዲያው ከጀርባዋ ይቀር ነበር። አሁን የፊት መስታወቱን ሞልቶ ፊት ለፊቷ ተቀምጧል፤ እየራቀ እንኳ ይታያታል። ሰው ከሚወደው ቦታ ሲለይ ጀርባውን ሰጥቶ ነው፤ እሷ ግን እስከ መጨረሻው መታጠፊያ ድረስ ዓይን ለዓይን እያየችው ተለየችው። ክንዱም ትከሻዋ ላይ ነበር። መንገዱን ለማየት ነው ያስቀመጠው፤ ይሁን። ለምንም ያስቀምጠው፣ የእሱ ክንድ ነው።

ቤት ሲደርሱ ቁጥሩ ወደ ቦታው ተመልሷል። የጋሽ ሽፋን አንገት ግን አልተመለሰም። ቅባት ብትቀባው፣ በሞቀ ፎጣ ብትጠቀልለው፣ ወደ ቀኝ እንደዞረ ቀረ።

ሰብሳቢው በቀጠሮው ቀን ጭነት መኪናውን አስከትሎ መጣ። ጋሽ ሽፋን በር ላይ ቆሞ ተቀበለው፤ ዓይኑ ግን የሚያየው ግድግዳውን ነበር። ሰብሳቢው ጓንቱን አጥልቆ ወደ ቆጣሪው ጎንበስ አለ። ቁጥሩ ያው ነው። እንዳለች ናት እያለ ረክቶ ተነሣና፣ ለወግ ያህል አንገትዎን ምን ነካዎት ብሎ ጠየቀ።

ልብስ ሰፊዋ ቀደመች። "ትራስ ነው" አለች። ሆድ ይፍጀው ብላ ወስናለች። ደስታ ቢደበቅም ደስታ ነው፤ ቤት የሚለቁበትም ቀን ደርሷል፤ ባሏም በሰጠው ቃል እንዲያፍር አትፈልግም።

ጋሽ ሽፋን አንገቱ እምቢ ስላለው መላ ሰውነቱን ወደ ሰብሳቢው አዞረ።

"ትራስ አይደለም" አለ። "ሐይቁ ድረስ ሄደን መጥተናል። እኔና ባለቤቴ።"

ሰብሳቢው እንደገና ጎንበስ ብሎ ቆጣሪውን አየ። "ቁጥሩ ግን ንቅንቅ አላለም።"

"ቁጥሩ ምን ያውቃል" አለ ጋሽ ሽፋን።

ከዚያ ዳገቱን በጀርባ እንዴት እንደወጡት ሳይደብቅ ነገረው። ልብስ ሰፊዋ እጇን የምታስቀምጥበት ጠፋት። ይህ ሰው ጃንጥላ ሸፍኗል፣ ሬዲዮ ሸፍኗል፣ ሶፋና ብርጭቆ ሸፍኗል፤ ያቺን አንዲት ቀን ግን አልሸፍንም ብሎ ሰው ፊት ገልጦ አቆማት። ዕድሜዋን በሙሉ ከሰማችው የፍቅር ቃል ሁሉ ይህ በለጠባት።

ሰብሳቢው አልተቆጣም። ጓንቱን ቀስ ብሎ አወለቀና፣ እኔ የምፈልገው የትም ያልሄደች ነው አለ፤ እውነቱን ስለነገረውም አመሰገነው። በሩ ጋ ደርሶ ቆመ። አዳራሽ ሙሉ መኪና አለው፤ አንዱንም ነድቶ አያውቅም። ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞሮ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ቁልቁለቱ ላይ ሞተሯ ምን ዓይነት ድምፅ አለው ሲል ጠየቃት።

"ይዘፍናል" አለችው።

ሰብሳቢው አንገቱን ነቀነቀ። ሌላም ሊጠይቅ ፈልጎ እንደተወው ያስታውቅበታል። ባዶውን ጭነት መኪና አስከትሎ ሄደ።

ባልና ሚስቱ በር ላይ ቀሩ። አሁን ምን ልናደርጋት ነው ስትለው ጋሽ ሽፋን ግድግዳውን እያየ አሰበ።

"የሚነዳት ሰው እንፈልጋለን" አለ። ከዚያ ደግሞ፣ "በዝናብ ግን የማይነዳት" ሲል ጨመረበት።

ልብስ ሰፊዋ የአንገቱን ቅባት ልታመጣ እየሳቀች ወደ ቤት ገባች።